ለወንድ ልጅ የተሳልኩት ስለት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። ከባለቤቴ ጋር በቁርባን ተጋብተን አራት ሴቶች ልጆች ወልደናል። «ወንድ ልጅ ካገኘሁ» ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል በሬ ተስያለሁ። ባለፈው ወሊድ ባለቤቴ ብዙ ደም ፈስሷት በአምቡላንስ ሆስፒታል ደርሳ ተረፈች። ሐኪሞቹ ሳታገግም እንዳትፀንስ አስጠንቅቀዋታል። ዘመዶቼ ግን «ያለ ወንድ ልጅ ቤትህ ይዘጋል፤ ከሌላ ውለድ» ይሉኛል። ብንቆይ ስለቴን ማፍረስ ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሆንብህም። ስለት የለመንኸው ሲሰጥህ የምታቀርበው ምስጋና ነው፤ ካልተሰጠህ ዕዳ የለብህም። የተሳልኸው በሬ ነው፤ የባለቤትህን ሕይወት አልተሳልህም።

ራሔልን አስብ። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ምጡ ጠናባት። አዋላጇም «አትፍሪ፤ ይኸኛው ደግሞ ወንድ ልጅ ይሆንልሻል» አለቻት (ዘፍ. 35፥17)። እንዳለችውም ወንድ ነበር። ራሔል ግን በኤፍራታ መንገድ ተቀበረች። በእኛም መንደር ሴት ስትገላገል ከደጅ ያለው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ነው፤ «እናቲቱስ?» የሚለው ዘግይቶ ይመጣል። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

ግንቦት 1 ቀን ልደታን ንፍሮ ቀቅለን የምናከብረው ለማን ነው? ኢያቄምና ሐና በመካንነት ሲነቀፉ ኖረው የተሰጠቻቸው ሴት ልጅ ናት፤ አምላክን የወለደችው እርሷ ናት። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸውን ለማበላለጥ የሚጠቅሱም አሉ። ሥርዓቱ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት መግባታቸውን ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ጥምቀቱም ሜሮኑም አንድ ነው። «ቤትህ ይዘጋል» ለሚሉህ የሰለጰዓድን አምስት ሴቶች ልጆች ንገራቸው፤ የአባታችን ርስት ይሰጠን ሲሉ እግዚአብሔር «እውነት ተናገሩ» ብሎ ፈረደላቸው (ዘኍ. 27)። «ከሌላ ውለድ» የሚለው ምክር ግን ዝሙት ነው፤ በቁርባን የተጋባ ሰው ሊሰማው እንኳ አይገባም።

ደግሞም የልጁን ፆታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው። ሴት በመውለዷ ባለቤትህን የሚወቅስ ካለ እውቀት ጎድሎታል።

አሁን ስለ እርሷ። በአንድ ወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት በሚቀጥለውም የመድማት አደጋዋ ከፍ ያለ ነው፤ ወሊድ ሲደጋገምም ማሕፀን ከወሊድ በኋላ በሚገባ መኮማተር ሊያቅተው ይችላል። እንዲህ ያለው ደም ካልቆመ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገራችን ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ እንደገና ለመፅነስ ቢያንስ 24 ወር መጠበቅን ይመክራል፤ ለባለቤትህ ግን የራሷ ሐኪም ያላት ይቀድማል። ወደፊት ብትፀንስ ክትትሉን ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምራችሁ ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ባለው የእናቶች ማቆያ ትቆይ። ደም ካየች፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካገኛት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጣት ወይም ካተኮሳት ሌሊትም ቢሆን አታሳድር። ጸበሉ ከሕክምናው ጋር አይጣላም።

ምን ያህል ጊዜና በምን መንገድ እንደምትቆዩ ለመወሰን አብራችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። የሐኪሙን ወረቀት ያዙ፤ አስቀድማ እርሷ ትናገር።