64፣ 48፣ 64፣ 48፦ አፑን የሚዘጋው ኦንሌይአውት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ችግር ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። በሪአክት ኔቲቭ (የስልክ አፕ መሥሪያ) የሠራኸው አፕ ጽሑፉ ከሳጥኑ ሲተርፍ ፊደሉን ያሳንሳል። ዝርዝሩ ሲከፈት ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ስልኩ ይግላል፣ ከዚያ አፑ ይዘጋል። ቀይ ኤረር ግን የለም። እኔ በዚሁ ጉዳይ ሦስት ሌሊት ስላጣሁ በደንብ ልንገርህ።

መጀመሪያ የሜሞሪ ነገር መስሎኝ ምስሎቹን ሁሉ አሳነስኩ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ኦንሌይአውት (ሳጥኑ ስክሪኑ ላይ ተለክቶ ሲቀመጥ የሚጠራው ኮድ) ውስጥ ገብቼ የሚለካውን ቁመት ኮንሶል (የኮዱ መልእክት የሚታይበት መስኮት) ላይ አወጣሁት። 64፣ 48፣ 64፣ 48... ማቆሚያ የለውም! ያኔ ገባኝ። ቁመቱ 64 ሲሆን ኮዴ ፊደሉን ያሳንሳል። ቁመቱ 48 ይሆናል። 48 ከሳጥኑ ገደብ በታች ስለሆነ ፊደሉን መልሶ ያተልቀዋል። ኮልባኩ፣ ማለትም ኦንሌይአውት ላይ የጻፍኩት ኮድ፣ የሚለካው ራሱ ያመጣውን ለውጥ ነበር።

«ሪአክት ለምን አላስቆመውም?» ብለሃል። ሪአክት ተደራራቢ አፕዴት ከ50 ሲያልፍ ኤረር ይሰጣል። የሚቆጥረው ግን አንዱ ሌላውን እዚያው በዚያው ሲቀሰቅስ ነው። ኦንሌይአውት ሌይአውቱ ካለቀ በኋላ ለብቻው የሚመጣ ኢቨንት ስለሆነ ቆጠራው በየዙሩ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ዑደቱ ስልኩ እስኪደክም ይቀጥላል። አቅም ያለው ስልክ ላይ ብልጭታ ብቻ አይተህ ልታልፈው ትችላለህ፤ አሮጌ ስልክ ላይ ሞክረው።

ብዙ ሰው «የቁመቱ ልዩነት ከ1 ካነሰ ሴትስቴት አትጥራ» ብሎ ይመክራል። ሴትስቴት ስቴትን፣ ማለትም ስክሪኑ የሚሠራበትን መረጃ፣ የሚቀይረው ትእዛዝ ነው። ለክፍልፋይ ፒክስል ጥሩ ነው። ያንተ ልዩነት ግን ትልቅ ስለሆነ እዚህ አይሠራም። እኔን ያዳነኝ ውሳኔውን ባለ አንድ አቅጣጫ ማድረግ ነው። ፊደሉ አንዴ ካነሰ፣ ጽሑፉ ራሱ እስኪቀየር ድረስ እንዳነሰ ይቆያል። ከተቻለ ደግሞ ፊደሉ የማይነካውን የውጪውን ቪው (ሳጥን) ለካ። ለማሳየት የማትፈልገውን ልኬት ስቴት ውስጥ አታስቀምጥ፣ ሲቀየር ስክሪኑን እንደገና የማያሠራው ሬፍ ይበቃዋል።

ኮንሶሉ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ከተደጋገመብህ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ኮምፖነንቱን (የስክሪኑን አንድ ክፍል የሚሠራውን ኮድ) በሌላ ኮምፖነንት ውስጥ ጽፈኸው ወይም ኪዩን (ሪአክት ክፍሉን የሚለይበትን መለያ) ራንደም ቁጥር ሰጥተኸው እንደሆነ እይ። ያኔ ቪው በየሬንደሩ (ሪአክት ስክሪኑን እንደገና ባሰናዳ ቁጥር) ፈርሶ እንደ አዲስ ስለሚሠራ ኦንሌይአውትም አብሮ ይጠራል። የሚወጡልህን የመጀመሪያ አሥር ቁጥሮች እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናያለን።