ለአሮጌ ስፖርት መኪና ተርቦ ስትፈልግ ስሙን ተወውና ተርቦው ላይ ያለችውን የብረት ታርጋ አንብብ

ወንድሜ፣ 1992 ሚትሱቢሺ 3000ጂቲ ቪአር-4 ይዘህ «ሁለቱም ተርቦዎች ሄደዋል ተብያለሁ፤ ከየትኛው መኪና የተፈታ ይገጥመኛል?» ብለህ ለጠየቅከው ነው። እኔም የምነዳው ያንኑ መኪና ነው። ከሻጭ ጋር ተጨቃጭቄ፣ ከጋራዥ ጋር ተኳርፌ ያለፍኩበት ጉዳይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ። ተርቦ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚያጭቅ ዕቃ መሆኑን ታውቃለህ፤ ከዚያ በላይ አላብራራም።

1. ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት የሞተው ተርቦው መሆኑን አረጋግጥ። ይሄ 6ጂ72 የሚባለው ባለ 3 ሊትር ቪ6 ሞተር ዕድሜው ሲገፋ የቫልቭ ጎማዎቹ ይደርቁና ዘይት ያሳልፋሉ። መብራት ላይ ቆመህ ቆይተህ ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ቡን ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው። ለዚያ ተርቦ ቀይረህ ምንም አታተርፍም። ተርቦውን ለማየት የአየር ማስገቢያ ቱቦውን ፍታ፤ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ዘንጉን በጣትህ ያዝና ነቅንቀው። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ ጤና ነው፤ ያንን ክፍተት የሚሞላው ዘይቱ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንሸራተተ ወይም ክንፉ ግድግዳውን ፍቆ ካገኘኸው ግን አልቆለታል።

2. «ቲዲ04» የሚለው ስም እንዳይሸውድህ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ቲዲ04 ያንተም መኪና ተርቦዎች የሚመደቡበት የተርቦ ቤተሰብ ስም ነው። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊውአርኤክስ ላይ፣ ቮልቮ 850 ላይ፣ ሳብ 9-5 ላይ የዚህ ቤተሰብ ተርቦዎች አሉ። አንዳቸውም ግን እንዳሉ ተነቅለው ያንተ መኪና ላይ አይቀመጡም። ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ ጭስ ሰብሳቢ) ጋር የሚታሰርበት ፍላንጅ (የብሎን ማሰሪያው ፊት) ሌላ ነው፣ የዘይትና የውሃ ቀዳዳው ሌላ ነው፣ አየሩ የሚወጣበት አፍ አቅጣጫውም ሌላ ነው። «ቲዲ04 ነው፣ ያው ነው» የሚልህ ሰው ካለ ወይ አያውቅም ወይ ሊሸጥልህ ነው።

ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣውን ተመልከት። 09ቢ ወይም 13ጂ የሚለው የአየር መጭመቂያውን ክንፍ ይነግርሃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ጭሱ የሚያልፍበትን ቤት ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር ይነግርሃል። አሜሪካ የተሸጡት ቪአር-4ዎች 09ቢ ናቸው። 13ጂው ተለቅ ያለ ነው። የሚገጥም መኪና ስትፈልግ ዶጅ ስቴልዝ አር/ቲ ተርቦን አትርሳ፤ ከ1991 እስከ 1996 የተሸጠ ሲሆን ከሥሩ ያንተው መኪና ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ያንተው መኪና ጂቲኦ ይባላል።

ዋናው ግን የብረቷ ታርጋ ናት። አየር ቤቱ (ክንፉ አየር የሚጨምቅበት ቤት) ላይ የተመታች ትንሽ ብረት ናት። በዘይትና በአቧራ ስለምትሸፈን ብዙ ሰው አያያትም። በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠርጋትና በባትሪ አብርተህ እያት። ያንተ መኪና ቲዲ04 ከሆነ ቁጥሩ በ49177 ይጀምርና ከሰረዝ በኋላ ሌሎች ቁጥሮች ይከተላሉ። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ናቸው የፊቱን ከኋላው፣ አንዱን መኪና ከሌላው የሚለዩት። ሻጭ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቁጥሮች አንብቦ «አንድ ነው» ካለህ ስልኩን ዝጋው።

(ይሄ የሚትሱቢሺ ጣጣ ብቻ እንዳይመስልህ። የ1990ዎቹን ቶዮታ ሱፕራ ውሰድ። ሞተሩ ያው 2ጄዚ-ጂቲኢ ሆኖ ጃፓን ውስጥ የተሸጠው የተርቦው የጭስ ክንፍ ሴራሚክ ነው፤ ወደ ውጭ የተላከው ብረት ነው። ሴራሚኩ ቶሎ ይነሳል፣ ግፊት ሲበዛበት ግን ይፈረካከሳል። «የሱፕራ ተርቦ ነው» ብሎ የገዛ ሰው የትኛውን እንደገዛ አያውቅም ማለት ነው።)

3. የፊቱና የኋላው አንድ አይደሉም። ሞተሩ አግድም ስለተኛ አንዱ ተርቦ ራዲያተሩ በኩል፣ ሌላው ከሾፌሩ ፊት ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ቤቶቻቸው ለየራሳቸው ነው የተሠሩት። እኔ ይህንን አውቃለሁ፤ ሻጬ ግን አላወቀም፣ ወይም ማወቅ አልፈለገም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታድሰው የሚሸጡ ጥንድ ተርቦዎች አገኘሁ። ከመክፈሌ በፊት የሁለቱንም ታርጋ ፎቶ ላኩልኝ አልኩ። ሰውየው ተቆጣ። «የመኪናህን ዓመት ነግረኸናል፤ ኮምፒውተሩ ይገጥማል ካለ ይገጥማል። የምትገዛ ከሆነ ግዛ፣ ካልሆነ ጊዜያችንን አታባክን!» ፎቶውን አልላከም። እኔም የራሴን አሮጌ ተርቦዎች ታርጋ ፎቶ አንስቼ ትዕዛዙ ላይ አያያዝኩትና «አንድ የፊት፣ አንድ የኋላ፣ በነዚህ ቁጥሮች» ብዬ ጻፍኩበት። ይቺ አንዲት መስመር ናት በኋላ ያዳነችኝ።

ካርቶኑ ሲመጣ ሁለቱም የኋላ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ከአሮጌዎቹ ጎን ደርድሬ ሳያቸው ወዲያው ነው የታየኝ። አሮጌዎቹ አፋቸው በተለያየ አቅጣጫ ሲያይ አዲሶቹ እንደ መንትያ ወደ አንድ ወገን ያያሉ። ደወልኩ። መልሱን ስማ፦ «ብሎኖቹን አላልተህ የአየር ቤቱን አዙረው፣ ይገጥማል።» ግማሽ እውነት ነው፣ ለዚህ ነው የሚያናድደው። የአየር ቤቱ በእርግጥ ይዞራል። የጭስ ቤቱ ግን ከነፍላንጁ አንድ ላይ የተቀረጸ ብረት ነው፤ ፍላንጁን የት ልታዞረው ነው? ይህንን ስነግረው ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጠ፣ ያኛውም ለሌላ። በመጨረሻ «ዕቃው በትክክል ተልኳል፤ ከመለስክ የመመለሻ ቅጣት ትከፍላለህ» ተባልኩ። የጻፍኩባትን መስመርና ፎቶውን መልሼ ላክሁላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ገንዘቡ ከነማጓጓዣው ተመለሰ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልነበረበትም። አንተም ስትገዛ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ይወስደዋል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አድርግ ብዬ ነው የምመክርህ፦ የራስህን ተርቦዎች አሳድስ። ቤቶቹ ያንተው ስለሆኑ «ይገጥማል አይገጥምም» የሚባል ነገር የለም። የሚቀየረው መሃሉ ነው፤ ዘንጉ፣ ኩሽኔታዎቹና ክንፎቹ አንድ ላይ ካርትሪጅ ሆነው ይመጣሉ። መጀመሪያ ግን የጭስ ቤቱን አስመርምር። በትርፍ ጭስ መልቀቂያው ቀዳዳ ዙሪያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ስንጥቁ እስከ ፍላንጁ ከደረሰ ግን ቤቱ ተጥሏል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ስለሆነ የባላንስ ወረቀት (ሚዛኑ መስተካከሉን የሚያሳይ) ሳትቀበል ካርትሪጅ አትቀበል። የሁለቱን አክቹዌተሮች (ትርፍ ጭስ መልቀቂያውን የሚከፍቱትን) ደግሞ በእጅ ፓምፕ አስለካ፤ በአንድ ዓይነት ግፊት መክፈት መጀመር አለባቸው። አንዱን ብቻ አድሼ ሌላውን ልተወው የሚል ሐሳብ ካለህም ተወው። እኩል ዕድሜ አላቸው፤ ያኛውም ይከተላል፣ የኋላውን ለማውጣት የሚከፈለውን የእጅ ዋጋ ደግሞ ሁለት ጊዜ መክፈል አትፈልግም።

ስለ 13ጂ ትጠይቀኝ ይሆናል። ይሠራል፣ ግን ነዳጁና የሞተሩ ኮምፒውተር አብሮ ካልተስተካከለ ሞተሩን ነው የምትገድለው። እሱን ሌላ ጊዜ።

4. ጋራዡ። እዚህ ጋ ነው የተኳረፍነው። መካኒኩ የታደሱትን ተርቦዎች በአሮጌው የዘይት ቱቦ ሊያስር ነበር። «ይሄማ ምን ሆነ? ታጥቧል» አለኝ። ቱቦውን ተቀብዬው በቀጭን ሽቦ ውስጡን ብጎረጉረው ጥቁር የከሰል ቅርፊት እየተሰባበረ መዳፌ ላይ ወረደ። ዘይት እየተቃጠለ ውስጡ ላይ ጋግሮ ነበር። አሮጌውን ተርቦ የገደለውም ይኸው ነው፤ ዘይት ጠምቶት ነው የሞተው። መካኒኩ ዝም ብሎ አየኝ፣ ከዚያ «መኪናው ያንተ ነው» ብሎ ሄደ። አዲስ ቱቦ ገዝቼ ይዤ መጣሁ። አንተም የዘይት ማስገቢያውን ቱቦ በአዲስ ቀይር፣ የመዳብ ሮንዴላዎቹንም እንዲሁ። ዘይት የሚወርድበት ጓርኒሲዮን ላይ ሲሊኮን እንዳይቀባ ቆመህ ጠብቅ፤ የተረፈው ተቆርጦ መውረጃውን ይደፍናል። ክንፉ የተሰበረ ከሆነ ኢንተርኩለሮቹን (ከተርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዙትን) አስወርዳቸውና አሳጥባቸው፤ ውስጣቸው የብረት ፍንጣሪ አለ። ደረሰኙንና የአዲሱን ቱቦ ፎቶ አስቀምጥ፤ ዋስትና ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።

ከመነሳቱ በፊት ሞተሩ እንዳይነሳ የካንዴላውን እሳትና ነዳጁን አቋርጠህ፣ የዘይት ግፊቱ ጌጅ ላይ እስኪታይ በእረፍት እያከፋፈልክ በሞተሪኖ አዙረው። ተነስቶም ወዲያው ነዳጅ አትርገጥ። ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ስላለ መጀመሪያ ላይ መጨሱ አይቀርም፤ «አዲሱም ሞተ» ብለህ አታስፈታው። ማርሚታው በደንብ ግሎ ረጅም መንገድ ከሄድክበት በኋላም የማይተው ከሆነ ወደ ቫልቭ ጎማዎቹ ሂድ። እስከዚያው የሁለቱንም ታርጋ ቁጥር ጻፍልኝ፣ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ጭምር፤ ከኔ ጋር እናስተያየዋለን።