መልስ፦ የብልሽት መዝገቡና የትንተና ሶፍትዌሩ ለምን አይስማሙም?
ወንድሜ፣ የፓምፖቹን የብልሽት መዝገብ ወደ ዌይቡል ሶፍትዌር (ከብልሽት መዝገብ ተነስቶ የዕቃን ዕድሜ የሚገምት ነው) ስትልክ ዕድሜያቸው ከዜሮ በታች ይወጣል ብለሃል። መጀመሪያ ቀኑን እይ። እኛም እዚሁ ድሬ ተቃጥለንበታል! ፓምፑ የተገጠመበት ቀን በፈረንጅ 2020 ተብሎ ተመዝግቧል። ቴክኒሻኑ ደግሞ ብልሽቱን በእኛው 2014 ብሎ ጻፈ። በቃ፣ ሳይገጠም ተበላሸ። ሰዓቱም ያው ነው፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለሶፍትዌሩ ሌሊት ነው።

ብልሽት ሁለቴ እንዳይቆጠር በሥራ ትዕዛዝ ቁጥር አመሳስል።

ዋናው ግን፣ የተበላሹትን ብቻ አትላክ። እስካሁን የሚሠሩትም ከነሠሩበት ሰዓት ይግቡ። አለዚያ የፓምፖቹ ዕድሜ ከእውነተኛው አጥሮ ይታያል። ቤታ፣ ማለትም ብልሽት ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሄዱን የሚያሳየው የሶፍትዌሩ ቁጥር፣ ከ1 በላይ ከሆነ እርጅና ነው፤ ከ1 በታች ከወጣ ገና አዲስ ሳሉ ይበላሻሉ ማለት ነውና ገጠማውን ጠርጥር።