መልስ፦ ለካቢኔት ሥራዬ ተከታይ ከየት ላምጣ?

ወንድሜ፣ «ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላይ ካቢኔት እየሠራሁ የቴሌግራም ቻናሌን የሚከተል ጠፋ» ላልከው፦ ቴሌግራም ብቻውን ብዙ ሰው አይጠራልህም። ቻናልህን በአብዛኛው የሚያገኘው ሊንኩ የደረሰው ነው። ቲክቶክ ግን ለማይከተሉህም ያሳያል። እዚያ ጀምርና የቻናሉን ስም ፕሮፋይልህ ላይ ጻፍ።

ያለቀለት ሥራ ፎቶ ብቻ አትደርድር፤ እሱ ሁሉም ጋ አለ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ መቼ ቀጥ ይላል? ከካቢኔቱ ጎን የምትቀረዋን ክፍተት እንዴት እንደምትደፍናት በስልክህ ቅረጽ። የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ቁራጭ ውኃ ውስጥ ነክረህ ሲያብጥ አሳይ። ቤት የተረከበ ሰው የሚጨነቀው በዚህ ነው። ዋጋ ሲጠይቁህ «ኢንቦክስ» ማለት ይቅርብህ፣ ያናድዳል። ተከታይ መግዛትማ ጭራሽ! የተገዛ ተከታይ ካቢኔት አያዝም። ሊንክድኢን (ባለሙያና ድርጅት የሚገናኙበት ገጽ) ደግሞ ከሪል ስቴቶች ጋር መሥራት ስታስብ ይደርሳል።