ዓመት ይርቃል ወይስ ይፈጃል?

ጥያቄ፦ ልጄ ከመጽሐፏ «ፕሮክሲማ ሴንታውሪ የተባለችው ኮከብ ከእኛ 4.2 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች» ብላ አነበበችልኝ። «ዓመት ይፈጃል እንጂ እንዴት ይርቃል?» አልኳት። አቦል ላይ የጀመርነው ክርክር በረካ ላይም አላለቀ። ማናችን ነን ልክ? (አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ልጅዎ ናት። በእርስዎ ግን አልፈርድም፤ ያሳሳተዎት ቃሉ ራሱ ነው።

እስቲ እንግዳ ሰው «ደሴ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?» ቢልዎት ምን ይሉታል? «25 ኪሎ ሜትር ገደማ» የሚል እምብዛም አላጋጠመኝም። «የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ ግን እንጃ!» ነው መልሱ። የተጠየቅነው ርቀት፣ የመለስነው ደቂቃ። ግን ማንም ግራ አይጋባም፤ «መንገድ» የምትለዋ ቃል አለቻ! የድሮ ሰዎችም «የሁለት ቀን መንገድ» ሲሉ እንዲሁ ነበር።

የብርሃን ዓመትም ነገሩ ያው ነው። ብርሃን በባዶ ጠፈር በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ደሴና ኮምቦልቻን በአንዲት ሰከንድ 6,000 ጊዜ ያህል ደርሶ መልስ ማለት ነው (የሚኒባስ ሾፌሮቻችን እንዳይሰሙ)። እንዲህ እየሮጠ ዓመቱን ሙሉ የሚሸፍነው መንገድ፣ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ የብርሃን ዓመት ይባላል። የእግረኛና የበቅሎ «የቀን መንገድ» አንድ አይደለም። ብርሃን ግን በባዶ ቦታ ፍጥነቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ይታመናል።

ችግሩ፣ ቃሉ ከባዕድ ቋንቋ ሲመለስ «መንገድ» ተዘለለች። እኔ ብጠየቅ «የብርሃን የዓመት መንገድ» እል ነበር። አሁን መጻሕፍቱ ለምደውታል፤ ይቀየር ብል ማን ይሰማኛል? በግእዙ ወግ «ዓመተ ብርሃን» ብንለውም አያምርም። «ዓመተ ምሕረት» ለለመደ ጆሮ ሌላ የዘመን አቆጣጠር ይመስላል።

በነገራችን ላይ፣ «በየብርሃን ዓመት ይለካል» ብለው እንዳይጽፉ። «በ» ስትመጣ «የ» ትወድቃለች፤ «በብርሃን ዓመት ይለካል» ነው። «በየ» ካሉማ እንደ «በየዓመቱ» ሊሰማ ነው።

ሲጠራጠሩ በቦታው «ኪሎ ሜትር» ያስገቡ። «ኮከቡ የተወለደው ከሺህ የብርሃን ዓመት በፊት ነው» የሚል ሰምቻለሁ። እስቲ «ከሺህ ኪሎ ሜትር በፊት ተወለደ» ይበሉት! ያስቃል።

የእርስዎ «ይፈጃል»ም ቢሆን ቦታ አላት። ኮከቧ 4.2 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 4.2 ዓመት ይፈጃል። በሁለተኛው ላይ «የብርሃን» የሚለው እንደቀረ ልብ ይበሉ። ፀሐይም ከእኛ 8 የብርሃን ደቂቃ ያህል ትርቃለች፤ ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ የሚያርፈው ጮራዋ ግን በመንገድ ላይ የፈጀው 8 ደቂቃ ያህል ነው።