የጠየቃችሁን፦ ጣሳው ለምን አልተጨማደደም?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የሳይንስ ክበባችን ለ100 ያህል ተማሪዎች የጣሳ መጨማደድ ሙከራ ሊያሳይ ነው። ስንለማመድ ጣሳው አንዳንዴ ጭምድድ ይላል፣ አንዳንዴ ንቅንቅ አይልም። ከፍታው ይሆን? ከኋላ የሚቀመጡትስ እንዴት ይዩት?» — የ7ኛ ክፍል መምህርት፣ ሱሉልታ

መልስ፦ ከፍታው ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። በባሕር ጠለል ላይ አየር እያንዳንዱን ካሬ ሴንቲሜትር 1 ኪሎ ገደማ ይጫነዋል። እናንተ ዘንድ ጫናው 750 ግራም ገደማ ነው፤ ቀጭን የለስላሳ ጣሳ ለመጨፍለቅ ይህም ይተርፋል። ሙከራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ጣሳው ውስጥ የቀረ አየር ነው። እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃ ጠብታ ተመልሶ ቦታውን ባዶ ይተዋል። አየር ግን ቢቀዘቅዝ ትንሽ ይኮማተራል እንጂ ቦታውን አይለቅም።

ስለዚህ በ330 ሚሊ ሊትር ጣሳ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ብቻ ጨምረው ቡታጋዝ ላይ ይጣዱ። ውሃው ተንተከተከ ብለው አይቸኩሉ፤ ከአፉ እንፋሎት ሳያቋርጥ መውጣት ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይጠብቁ። በመቆንጠጫ ሲያነሱት መዳፍዎ ወደ ላይ ይሁን፤ ያኔ የእጅ አንጓዎን ብቻ ሲያዞሩ ጣሳው በአፉ ድፍት ይላል። የሚደፋበት ሳህን 10 ሴንቲሜትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ይያዝ፣ አፉም ሙሉ በሙሉ ይስጠም። ቀስ ብሎ ማዘንበል አየር ያስገባል። እንደ ቲማቲም ጣሳ ላዩ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ አይሆንም፤ ውሃ ፈጥኖ ገብቶ ባዶውን ቦታ ይሞላዋልና ግድግዳው የሚጨፈለቅበት ጊዜ አያገኝም። ውሃው ተኖ አልቆ ጣሳው በደረቁ ከጋለ ደግሞ ያውጡትና በሌላ ይጀምሩ።

ለኋለኞቹ ክዳኑ የሚጠብቅ፣ የምግብ ዘይት የነበረበት የ5 ሊትር ቆርቆሮ ይሻላል። በደንብ አጥበው 1 ኩባያ ውሃ ያፍሉበት፤ እንፋሎቱ ለ3 ደቂቃ ያህል በኃይል ይውጣ። ከዚያ መጀመሪያ ከእሳት ያውርዱ፣ ቀጥሎ ክዳኑን ያጥብቁ፣ መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት። ይህ ቅደም ተከተል በፍጹም አይዛባ፦ እሳት ላይ እያለ የተከደነ ቆርቆሮ ይፈነዳል። ቤንዚን፣ ላምባ ወይም ቀለም ማቅጠኛ የነበረበትንም እሳት አያስነኩት። ጎኖቹ እየተንቋቁ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ሲገቡ የመጨረሻው ረድፍ ሳይቀር ያየዋል፣ ይሰማዋልም።

ውሃውን ከማፍሰስዎ በፊት «ይፈነዳል፣ ይጨማደዳል፣ ወይስ እንዳለ ይቀራል?» ብለው እጅ ያስወጡ፤ አንድ ሁለቱንም «ለምን?» ይበሏቸው። አስቀድሞ የገመተ ልጅ የሚያየው የራሱን ግምት ሲፈተን ነው። ያለዚህ ትርኢቱ ጭብጨባ ብቻ ያተርፋል።

ጥያቄ፦ «የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የእርሾ አረፋ ስንሠራ እንደ ቡና አረፋ ትንሽ ብቅ ብሎ ይቀራል።» — የሳይንስ ክበብ አባላት፣ ለገጣፎ

መልስ፦ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ 3 በመቶ ነው፤ ብዙ አረፋ አይሰጥም። 6 በመቶ ፈልጉ። ፀጉር ቤት ለቀለም የሚጠቀሙበትም ይሆናል፣ ግን ክሬም ያልሆነውን ፈሳሹን ምረጡ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ 120 ሚሊ ሊትር ፐርኦክሳይድና ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጉ። ለብቻው 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ በ3 ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡና ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ ከዚያ ባንዴ ጨምሩት። ውሃው ጣት የሚያቃጥል ከሆነ እርሾው ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይበላሻል፤ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን በፍጥነት የሚለየው እሱ ነው። ፀሐይ ላይ የሰነበተ ፐርኦክሳይድም ኃይሉ አልቋል።

ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አይቅር። ጠርሙሱን አትክደኑ። ከ6 በመቶ በላይ የሆነውን ተዉት፣ ቆዳ ያቃጥላል። እርሾ ከጠፋ የተፈጨ ጥሬ ድንች ካታሌዝ አለው፤ አረፋው ግን ይዘገያል።

ጥያቄ፦ «በልጄ ትምህርት ቤት በዓል ላይ ባለቀለም እሳት በአልኮል ሊያሳዩ ነው። ልፍቀድ?» — ወላጅ፣ ኮዬ ፈጬ

መልስ፦ አይፍቀዱ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሬኖ ከተማ አንድ የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ «የእሳት አውሎ» በሚባል ትርኢት ላይ ከትልቅ ጠርሙስ ሜታኖል ሲፈስ እሳቱ ተመልሶ ጠርሙሱን ያዘና 13 ሰዎች ተጎዱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን በቅጡ አይታይም። «ጠፍቷል» ተብሎ ሲጨመርበት እንፋሎቱ እሳቱን ይዞ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። ሜታኖል ብቻ አይደለም፣ ተራው ስፒሪትም እንዲሁ ያደርጋል። ልጆች ፊት ከጠርሙስ የሚፈስ ተቀጣጣይ ፈሳሽ መኖር የለበትም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለንም።

የቀለሙ ትምህርት ግን ያለ አልኮል ይገኛል። የእንጨት ስንጥር በጨው ውሃ፣ ሌላውን በመዳብ ሰልፌት ውሃ አሳድረው አስተማሪው አንድ በአንድ ቡታጋዝ ነበልባል ውስጥ ያስገባ፦ ጨው ብጫ፣ መዳብ አረንጓዴ ይሰጣል። መስኮት ይከፈት፣ ክፍሉ ጨለም ይበል፣ ልጆቹ 3 ሜትር ይራቁ፣ አሸዋ የያዘ ባልዲ አጠገቡ ይኑር። መዳብ ሰልፌት መርዝ ስለሆነ ልጆች አይንኩት።

ጥያቄ፦ «የፕላስቲክ ቧንቧን በሱፍ ጨርቅ አሽተን ወረቀት የማንሳት ሙከራ በሐምሌ እምቢ አለን።» — ሰበታ

መልስ፦ የክረምት እርጥበት ነው። በቧንቧውና በጨርቁ ላይ የሚያርፍ ስስ የውሃ ሽፋን ሲታሽ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ሙሌት እያፈሰሰ ይወስደዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ያሳዩት፤ ግድ ከሆነ ጨርቁንም ቧንቧውንም ከምድጃ ራቅ አድርገው ለ10 ደቂቃ ያሙቁና ወዲያው ይሹት።