ኮሎምቦን እዩ፦ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ በሂሳብ፣ በኦዲት፣ በሕግ ወይም በሕክምና ሙያ ሥራ የጀመራችሁ ብዙዎች ናችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሰነድ በመመርመር ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወጣቶች ሲያገኙኝ የትኛውን መጽሐፍ ቢያነቡ ለሙያቸው እንደሚበጅ ይጠይቁኛል። መጽሐፎቹን እነግራቸዋለሁ፤ ከእነሱ ጋር ግን ኮሎምቦ የሚባለውን የቆየ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ እንዲያዩ አጥብቄ እመክራቸዋለሁ። ምክሬ እንግዳ ቢመስላችሁም ምክንያቴን እስከምነግራችሁ ታገሡኝ።

ኮሎምቦ በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ውስጥ የግድያ ወንጀሎችን የሚመረምር ሌተናንት ነው። የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት ይለብሳል፣ ሲጋር ከእጁ አይለይም፣ የሚነዳው ያረጀ ፔጆ 403 ነው። ስለ ሚስቱ ሳያወራ አይውልም፤ እሷን ግን አንድም ጊዜ አናያትም። ብዙ ሰው ተከታታዩን የሚያስታውሰው በእነዚህ ነገሮች ነው። እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን ካፖርትና አሮጌ መኪና ብቻቸውን አንድን ድራማ ከሃምሳ ዓመት በላይ አያቆዩትም። የመጀመሪያው ፊልም የተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ተከታታዩ ከ1971 እስከ 1978 በኤንቢሲ፣ ከ1989 እስከ 2003 ደግሞ በኤቢሲ በተባሉት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታየ፤ በጠቅላላው 69 ክፍሎች አሉት። ዛሬም ሲሠራ ገና ያልተወለዱ ሰዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከታተሉታል። በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት አንድ መንገድ ላይ ከ2014 ጀምሮ የኮሎምቦና የውሻው ሐውልት ቆሟል።

ይህ ሁሉ ፍቅር ከየት መጣ? እኔ እንደማምነው ከአተራረኩ ነው። በሌሎች የወንጀል ታሪኮች ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ እስከ መጨረሻው እንጠብቃለን። በኮሎምቦ ግን ገዳዩን፣ ምክንያቱንና ዘዴውን ገና ከመነሻው እናያለን። ሟቹ ከሞተ፣ ገዳዩም ዱካውን ካጠፋ በኋላ ነው መርማሪው ካፖርቱን ለብሶ ብቅ የሚለው። አንዳንድ ጊዜ እሱን ለማየት ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ እንጠብቃለን። ታዲያ መልሱን አስቀድመን ካወቅን የምናየው ምንድን ነው? አንድ ሰው ሥራውን ሲሠራ ነው የምናየው። ምስጢር አንዴ ከተፈታ ያልቃል፤ ጥሩ አሠራርን ግን አሥር ጊዜ ቢመለከቱት አይሰለችም። ለዚህ ነው ተመልካቾች ፍጻሜውን በቃላቸው የሚያውቁትን ክፍል ደግመው ደጋግመው የሚያዩት።

ገጸ ባሕርይውን የፈጠሩት ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ ናቸው፤ ከልጅነት የትምህርት ቤት ዘመናቸው ጀምሮ አብረው የጻፉ ጓደኛሞች። የዶስቶየቭስኪን ወንጀልና ቅጣት ያነበባችሁ ሁሉ መርማሪውን ፖርፊሪን ታስታውሱታላችሁ፤ ኮሎምቦ የተቀዳው ከእሱ ነው። ኮሎምቦ በቴሌቪዥን ተወዳጅ ከመሆኑ በፊት በ1962 በመድረክ ተውኔት ቀርቦ ነበር። ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ ከበር ተመልሶ «አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ» የሚለው ዝነኛ ልማዱም በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው የተወለደው። ደራሲዎቹ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ አንዱ ትዕይንት አጥሮባቸው መርማሪው ቀድሞ ወጥቷል፤ ገጹን በታይፕ እንደገና ከመምታት ይልቅ ጭንቅላቱን በበሩ አስግጎ አንድ ጥያቄ እንዲጨምር አደረጉት።

ስለዚያች ጥያቄ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። ዘዴዋ፣ ተጠያቂው በሩ ተዘጋ ብሎ ሲዝናና መምጣቷ ነው ይላሉ። ልክ ነው፤ እኔ ግን ከሰዓቷ ይልቅ ይዘቷን እንድትመለከቱ እፈልጋለሁ። ኮሎምቦ «አንተ ገድለሃል?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትንሽ፣ የሚዳሰስ፣ ተራ ሰው ሁሉ ሊመልሰው የሚችለውን ነገር ነው፤ ስለ ሰዓት፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጫማ ማሰሪያ፣ ስለ አንድ የስልክ ጥሪ። ትልቅ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ያገኛል። ለትንሽ ጥያቄ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ሰው ግን የለም።

ይህን በሥራዬ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከከተማ ራቅ ባለ የአንድ ድርጅት መጋዘን ቆጠራ ላይ ነበርኩ። የዕቃ ገቢ ሞዴል 19 በተርታ ታስሯል፤ የወጪውም ሞዴል 22 አንድ አልጎደለም፤ የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበት ቢን ካርዱም ከሁለቱ ጋር ይስማማል። ሰነዱ ያለ እንከን ነበር። ቢሆንም የክረምቱ ወራት ገቢዎች ከሌሎቹ ይልቅ ንጹሕ ሆነው አገኘኋቸው፤ ጥግ ያልታጠፈ፣ አቧራ ያልነካው ወረቀት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም በአንድ ዓይነት ቀለም የተሞላ። ሥራ አስኪያጁን ብጠይቀው መልሱን አውቀዋለሁ። ስለዚህ በር ላይ ወደተቀመጡት አዛውንት ጥበቃ ሄድኩና፣ «አባባ፣ በክረምት መኪናው በየትኛው በር ነው የሚገባው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ በክረምት መኪና እዚህ አይደርስም። ወንዙ ከሞላ ጀምሮ ከአስፋልቱ ዳር ያራግፉና በሰው ሸክም ነው የሚመጣው። ዘንድሮ ደግሞ ሸክምም አላየሁ» አሉኝ። ሰነዶቹ ላይ የእያንዳንዱ መኪና የሰሌዳ ቁጥር በጥንቃቄ ተጽፎ ነበር። የቀረው ሁሉ ከዚያ ተጎትቶ ወጣ። እኒያ አዛውንት ከእኔ በፊት በመጡ ኦዲተሮች ተጠይቀው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ በየመሥሪያ ቤታችን ብዙ የሚያውቁ፣ ማንም የማይጠይቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል።

ኮሎምቦ እነዚህን ሰዎች ይጠይቃል። አሳላፊውን፣ አትክልተኛውን፣ የቤት ሠራተኛዋን። በ1974 በተላለፈ አንድ ክፍል ምስክር ፍለጋ ድሆች ወደሚመገቡበት ቤት ሲገባ፣ የምታስተናግደው መነኩሲት በካፖርቱ ምክንያት ችግረኛ መስሏት ምግብ ታቀርብለታለች። አይቆጣም፣ አያፍርምም። በትህትና ተቀምጦ ይበላል፣ ፖሊስ መሆኑንም ያስረዳታል። እዚያች ትዕይንት ላይ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። መርማሪ ሆኖ ከማንም ጋር እኩል መቀመጥ መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ወጣት ባለሙያዎችን ሳይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አላዋቂ መስሎ የመታየት ፍርሃታቸው ነው። ዲግሪ ይዘው በገቡበት መሥሪያ ቤት «ይህ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ መጠየቅ ክብራቸውን የሚቀንስ ይመስላቸዋል። ስብሰባ ላይ ያልገባቸውን ነገር እንደገባቸው ሆነው ያልፋሉ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ግን ከሹመት መቅረት የባሰ ነገር አይቻለሁ። ያልተጠየቀ ጥያቄ በሰው ገንዘብና በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት አድርሷል። ኮሎምቦ የሚያስተምረው ዋና ነገር ይኸው ይመስለኛል፤ ሌላው ሰው ብልህ መሆኑን እንዲያምንለት ፈጽሞ አያስፈልገውም። ገዳዮቹ ሐኪሞች፣ ሙዚቃ መሪዎች፣ ደራሲዎች፣ ባለጸጎች ናቸው፤ ሁሉም ይንቁታል፤ ንቀታቸውም እንዲያወሩ ያደርጋቸዋል። እሱ ግን የሚፈልገው እውነቱን ነው፤ አድናቆታቸውን አይደለም።

አንዳንዶች «አላዋቂነቱ ማስመሰል አይደለም ወይ?» ይሉኛል። በከፊል ነው። ግን በ1973 የተላለፈውን የወይን ጠጅ ጠማቂውን ታሪክ እዩ። ዶናልድ ፕሌዘንስ የተጫወተው አድሪያን ካርሲኒ ወይን ጠጅ ከሕይወቱ አብልጦ የሚወድ ሰው ነው። ግማሽ ወንድሙ ድርጅቱን ሊሸጠው ሲነሣ መትቶ ይጥለውና፣ የወይን ማከማቻ ምድር ቤቱን አየር ማቀዝቀዣ አጥፍቶ ዘግቶበት ወደ ኒውዮርክ ይሄዳል። ኮሎምቦ ስለ ወይን ጠጅ ምንም አያውቅም፤ ይህ ማስመሰል አይደለም። ስለዚህ ወደሚያውቅ ሻጭ ሄዶ ይማራል፤ ይቀምሳል፣ ይጠይቃል፣ ያጠናል። በዚያች ሳምንት ከተማዋን ከባድ ሙቀት መምታቱን ያስተውላል። መጨረሻ ላይ ካርሲኒን እራት ይጋብዘውና ከራሱ ከካርሲኒ ምድር ቤት የወጣ ጠርሙስ ያስቀርብለታል። ካርሲኒ አንዴ ቀምሶ ወይኑ በሙቀት መበላሸቱን ይናገራል፤ በቁጣ ይጮኻል። ማቀዝቀዣው ጠፍቶ እንደነበር የመሰከረበት የገዛ ምላሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ይበልጣል፤ ሁለቱ መኪና ውስጥ ወይን ሲካፈሉ ካርሲኒ ኮሎምቦን በደንብ ተምረሃል ይለዋል፤ ኮሎምቦም ይህን እንደ ታላቅ ምስጋና ይቀበለዋል። የመረመረውን ሰው ሙያ አክብሮ ስለተማረ ነው ያንን ምስጋና ያገኘው።

የሂሳብ ባለሙያ የሆናችሁ የ1977ቱን የሊቃውንት ማኅበር ታሪክ አትለፉት። ገዳዩ እጅግ የመጠቀ አእምሮ ያለው የሂሳብ ድርጅት ባለቤት ነው፤ የደንበኞችን ገንዘብ ማጉደሉን የሚያውቅ ባልደረባውን ይገድላል። ኮሎምቦ እዚያ ላይ ስለ ራሱ ይናገራል፦ በትምህርት ቤትም በፖሊስ ሥራም ሁልጊዜ ከእሱ የሚበልጡ ብልሆች እንደነበሩ፣ እሱ ግን ከእነሱ ይልቅ ቢደክም፣ ቢያነብና ዓይኑን ገልጦ ቢሠራ እንደሚሳካለት ማሰቡን፣ እንደተሳካለትም። ሐሰተኛ ትህትና የለበትም። ፈተና ላይ መካከለኛ ውጤት ይዛችሁ የወጣችሁ ልጆቼ ይህን ንግግር በጥሞና ስሙት።

ኮሎምቦን የተጫወተው ፒተር ፎክም ሕይወቱ ለእናንተ ትምህርት ነው። በሦስት ዓመቱ በካንሰር ምክንያት ቀኝ ዓይኑ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ተተካለት። በሕዝብ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ በኮነቲከት ክፍለ ግዛት የበጀት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ እንደ እኛው የመንግሥት ሠራተኛ። ከሥራ በኋላ መኪና እየነዳ ወደ ትወና ትምህርት ይሄድና ይዘገያል። አስተማሪዋ ኢቫ ለጋሊየን ለምን እንደሚዘገይ ስትጠይቀው ተዋናይ አለመሆኑን ይነግራታል፤ እሷም መሆን እንዳለበት ትመልስለታለች። ሥራውን ለቀቀ። ወደ ሠላሳ ዓመት እየተጠጋ ነበር። ያን ዝነኛ ካፖርትም ከራሱ ቤት ነው ያመጣው። በ2011 እስኪሞት ድረስ ዓለም ያወቀው በዚያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሕግን ከዚህ ድራማ አትማሩ። ብዙዎቹ ማስረጃዎች ፍርድ ቤት ቢቀርቡ ጥሩ ጠበቃ ይበትናቸዋል። ኮሎምቦ አንዳንዴም ወጥመድ ያዘጋጃል። ከላይ ባነሣሁት በ1974ቱ ክፍል አንድን ፎቶግራፍ ገልብጦ አሳጥቦ ለገዳዩ ያሳየዋል፤ ገዳዩም ፎቶው መገልበጡን ለማሳየት ኔጋቲቩ (ፎቶው የተነሣበት ፊልም) ያለበትን ካሜራ ከብዙዎች መካከል ለይቶ ያነሣል፤ ካሜራው የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ የሚችለው ገዳዩ ብቻ ነበርና ራሱን ያጋልጣል። ለተመልካች ያስደስታል። በእኛ ሙያ ግን የተዛባ ሰነድ አዘጋጅቶ ሰውን ማጥመድ በደል ነው፤ ተጠርጣሪው ጥፋተኛ ቢሆንም እንኳ። እኛ እንደ ተመልካቹ መልሱን አስቀድመን አናውቅም፤ ፊታችን የተቀመጠው ሰው ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞች ለሆናችሁ ደግሞ ሊዮናርድ ኒሞይ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የሆነበትን የ1973ቱን ክፍል እመክራለሁ። ሐኪሙ በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ለዘለቄታው መቆየት ያለበትን ክር ሊሟሟ በሚችል ክር ይተካል፤ ታካሚው ገና በሕይወት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ትዕግሥተኛ የሆነው ኮሎምቦ በዚያ ቀን በሐኪሙ ፊት ጠረጴዛ መትቶ ይቆጣል። የሰው ነፍስ አደጋ ላይ ስለሆነ ነው።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ስቲቨን ስፒልበርግ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ ያዘጋጀውን፣ ሁለት ደራሲ ጓደኛሞች የሚጣሉበትን የ1971ዱን ክፍል አስቀድሙ፤ ከዚያ የወይን ጠጁን አስከትሉ። ከ1989 በኋላ የመጡትን ለኋላ አቆዩአቸው፤ እንደ ቀዳሚዎቹ አይደሉም። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እዩት። የመጀመሪያውን ለደስታ፤ ሁለተኛውን ግን ደብተር ይዛችሁ፣ ኮሎምቦ ማንን ምን እንደጠየቀ በተራ እየጻፋችሁ። ከዚያ በሥራችሁ ላይ በቅርቡ የመረመራችሁትን አንድ ጉዳይ አውጡና እናንተ ማንን ምን እንደጠየቃችሁ ከጎኑ ጻፉ። ሁለቱን ዝርዝሮች ይዛችሁ ብትመጡ አብረን ብናያቸው ደስ ይለኛል፤ ቤቴን ታውቁታላችሁ።